ጓሮ ማስነጠፍ፦ ከመጀመሪያው ቁፋሮ እስከ መጀመሪያው ክረምት

ደብረ ማርቆስ ያለው የቤታችን ጓሮ ሁለት ጊዜ ነው የተነጠፈው። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ አልቆ መስከረም ላይ ፈረሰ። ሠራተኞቹ ሣሩን ገፈፉ፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ በተኑ፣ ኮብሉን ደረደሩ። በአራት ቀን አለቀ። ሲያዩት ያምር ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን መሃሉ ሰረጎደ። ጭቃው በድንጋዮቹ መካከል እየፈለቀ ወጣ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ማድቤቱ የጭቃ ግድግዳ ዞረ፤ ምርጊቱ ከስር ረጥቦ ተላጠ።

ያኔ ድንጋዩ ሲነጠፍ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አፈሩ ሲወጣ ግን ሥራ ገብቼ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ስናሠራው የገባኝ ይሄ ነው፦ ባለቤቱ ፈቃድ ወስዶ ግቢው መዋል ያለበት በቁፋሮውና በጥቅጠቃው ቀን ነው። ከላይ ያለው ድንጋይ ቢበላሽ በአንድ ጠዋት ይስተካከላል። ከስሩ ያለው ከተበላሸ ሁሉም ይነሳል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስለ ድንጋዩ ጥቂት፣ ስለ አፈሩና ስለ ውሃው ብዙ ታገኛላችሁ።

መጀመሪያ አፈራችሁን እወቁ

የጎጃም አፈር አንድ ዓይነት አይደለም። ከደጀን እስከ ቢቸና ባለው ሜዳ የሚበዛው ጥቁር ዋልካ ነው። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በመራዊ በኩል ቀይ አፈር ይበዛል። ማርቆስ ላይ ሁለቱም አሉ።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የካቲት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የምታዩበት ሜዳ ሐምሌ ላይ እንደ ሊጥ ይነፋል። ያን ጊዜ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። በበጋ ደግሞ ይወርዳል። ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል። ቀይ አፈር እንዲህ አያስቸግርም። ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል፣ በደንብ ከተጠቀጠቀም ይጠነክራል።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ እፍኝ አፈር አውጡ። በውሃ አቡኩት። የቀለም ወይም የወተት ጣሳ ክዳን ላይ እስከ ጠርዙ ሞልታችሁ ላዩን አስተካክሉና ለጥቂት ቀን አስጡት። ሲደርቅ ከክዳኑ ጠርዝ በደንብ ሸሽቶ ከተሰነጣጠቀ፣ አፈራችሁ ዋልካ ነው። ብዙም ካልሸሸ ዕድለኛ ናችሁ።

አፈሩ ቀይ ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር መቆፈር ይበቃል። ዋልካ ከሆነ ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አውጥታችሁ በሌላ ሙሌት ተኩት። የወጣው ጥቁር አፈር ተመልሶ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ሠራተኞች «እዚሁ እንጠቀምበት፣ ለምን ይጣላል?» ይላሉ። ለጎመን መደባችሁ ውሰዱት፣ ከንጣፉ ስር ግን አይግባ።

የግቢያችሁ ጥግ ላይ ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ ንጣፉን ከሱ አርቁ። ሥሩ ውሃውን ከአፈሩ ይመጥጣል። ዋልካ ላይ ሲሆን በዛፉ በኩል ያለው አፈር ቀድሞ ይደርቅና ይወርዳል፤ ንጣፉም አብሮት ወደዚያ ያዘነብላል።

መቼ ይጀመር?

ደብረ ማርቆስ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። እንጅባራ ከዚህም ይበልጣል። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ቢጠራም መሬቱ ገና ውሃ እንደያዘ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ወደ ገጠር ይመለሳል፣ የቀረውም ዋጋው ይወደዳል። ለእኔ ጥሩው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። ግንቦት ላይ መጀመር ከዝናቡ ጋር እሽቅድምድም መግባት ነው።

ቀን ስትቆጥሩ በዓላቱን አትርሱ። ከገጠር የሚመጣ ሠራተኛ በ12፣ በ21 እና በ29 አካፋ አይነሳም። ይህ ክብር የሚገባው ነገር ነው። «በ10 ቀን እንጨርሳለን» ሲሏችሁ የሥራ ቀን ነው ወይስ የወር ቀን ብላችሁ ጠይቁ። ዓቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ከባዱን ሥራ፣ በተለይ ኮንክሪት ማቡካቱን፣ ጠዋት በ1 ሰዓት አስጀምሩት።

ምን ይነጠፍ?

አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ኮብል ምረጡ። የተጠቀጠቀ አልጋ (ከስሩ ያለው ሙሌትና አሸዋ) ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ትንሽ ቢንቀሳቀስ አይሰበርም። አንድ ቦታ ቢሰረጉድ ድንጋዮቹን አንስታችሁ፣ አሸዋ ጨምራችሁ ትመልሷቸዋላችሁ። ድንጋዩም የአገራችን ነው፤ ከጮቄ ተራራ ጀምሮ እግራችን ስር ያለው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጠራቢውም አይጠፋም። አንድ ችግር አለው። ፊቱ በደንብ ካልተጠረበ ወንበር ይነቀንቃል፣ የቡናው ረከቦትም አይረጋም። ለመንገድ የሚሆነውን ሳይሆን ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ጠይቁ። ድንጋዩ ሲመጣም እየመረጣችሁ ተቀበሉ።

ቀይ አፈር ላይ ኮንክሪት ወይም ሊሾ ጥሩ ነው። ለመጥረግ ይመቻል፣ በርበሬና እህል ለማስጣትም እንደሱ የለም። ዋልካ ላይ ግን ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ደግሞ ጥገናው ሁልጊዜ ይታያል። የቤት ውስጥ ሴራሚክ ጓሮ ላይ አታስነጥፉ። ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ሽማግሌና ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት

የእኛ 4 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ 24 ካሬ። በቀይ አፈር ቢሆን ከታች ወደ ላይ ስንቆጥር 15 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚሆን ጠጠራማ አፈር)፣ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ፤ በድምሩ 30 ይሆናል።

የሚወጣው አፈር 24 ሲባዛ በ0.30፣ ማለትም 7.2 ሜትር ኩብ ነው። ሲቆፈር ስለሚላላ ወደ 9 ይደርሳል። ይህን ክምር የት እንደምትጥሉት አስቀድማችሁ ካላሰባችሁ በር ላይ ተቆልሎ ይከርማል። ገረጋንቲው 3.6 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 4.5 ግዙ። አሸዋው ለአልጋውና ለመገጣጠሚያው 2 ሜትር ኩብ ይበቃል። ኮብሉ 10 በ10 ከሆነ በካሬ ከ80 በላይ ድንጋይ ይገባል፤ ከሚሰበረው ጋር 2,100 ያዙ።

ዋልካ ከሆነና 60 ሴንቲ ሜትር ከቆፈራችሁ ገረጋንቲው ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ያን ጊዜ 13 ወይም 14 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ አንድ ሲኖትራክ ሊያመጣው የሚችል ነው። ወጪው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አቅም ካነሰ ስፋቱን ቀንሱ። ጥልቀቱን አትቀንሱ።

አሸዋ ስትገዙ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሹን በአሸዋ፣ ቀሪውን በውሃ ሞልታችሁ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ ጭቃው ከላይ ይደረደራል። 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ጭቃ ካያችሁ፣ ወይ ይታጠብ ወይ ሌላ ፈልጉ። በተለይ ለኮንክሪት።

ውሉ

«ጉልበት ብቻ» ነው ወይስ «ከነማቴሪያሉ»? ይህ መጀመሪያ ይለይ። እኔ ጉልበት ብቻ እመርጣለሁ፤ ምን እንደገባ አውቃለሁ። ጊዜ የሌለው ሰው ከነማቴሪያሉ ቢሰጥ አልፈርድበትም። በሁለቱም መንገድ ግን በወረቀት ይሁን። በካሬ ስንት እንደሆነ ብቻ አትጻፉ። የቁፋሮው ጥልቀት፣ የገረጋንቲው ውፍረት፣ በስንት ዙር እንደሚጠቀጠቅ፣ ውሃው በየት እንደሚወጣ፣ አፈሩን ማን እንደሚያስወግድ ይጻፍ። የመጀመሪያው ውላችን ላይ «24 ካሬ ኮብል ማንጠፍ» ብቻ ነበር የተጻፈው። ግንበኛውም በውሉ መሠረት 24 ካሬ አነጠፈ።

ክፍያውን በደረጃ አድርጉት። ትንሽ ቀብድ፣ ሙሌቱ ተጠቅጥቆ አይታችሁ ስታምኑበት አንድ ክፍያ፣ ንጣፉ ሲያልቅ ሌላ። አሥር በመቶውን ደግሞ ክረምቱ እስኪፈትነው ያዙ። ቅር የሚለው ይኖራል። በሥራው የሚተማመን ሰው ግን ይስማማል፤ የኛ ሁለተኛው ግንበኛ «እንዲያውም ይሻላል፣ መጥቼ አየዋለሁ» ነው ያለው።

ሥራው ሲጀመር

ከመቆፈሩ በፊት የውሃው ቧንቧ፣ የመብራቱ ገመድና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን የት እንዳሉ ለሠራተኞቹ በእጃችሁ አሳዩ። የግቢ ውሃ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይቀበርም፤ በአንድ ዶማ ይበጠሳል። የጉድጓዱ ክዳን ከንጣፉ ስር እንዳይቀር። መምጠጫ መኪና የሚመጣበት ቀን አይቀርም።

ልኬቱ በሲባጎና በችካል ይወጠራል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማየት ከጥጉ በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ። ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው መስመር ልክ 5 ሜትር ከሆነ ትክክል ነው።

ከዚያ ከፍታው ይወሰናል። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ያለቀለት ንጣፍ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፤ ዝናቡ ድንጋይ ላይ እየነጠረ ምርጊቱን ከስር ይበላዋል። ንጣፉ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። የእኛ 4 ሜትር ስለሆነ ከግድግዳው እስከ ዳር 8 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። በዓይን አይታወቅም፣ ወንበርም አያዘነብልም፣ ውሃ ግን አያድርበትም። ግንበኛው ልኩን ውሃ በሞላበት ቀጭን የጎማ ቱቦ ያነሳል። አጠገቡ ሁኑና ምልክቱን ግድግዳ ላይ በእርሳስ አስጽፉት።

ውሃው ከዳር ሲደርስስ? ወደ ጎረቤት አጥር አትልቀቁት። በጎጃም ክረምት ሁለት ሰፈርተኛን ሲያቀያይም ያየሁት ነገር ነው። ቦይ አውጥታችሁ ወደ መንገዱ የውሃ ማፋሰሻ ውሰዱት። መንገዱ ከግቢያችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ቡና እየጠጣችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ላዩ ላይ ጣራ ወይም ግንብ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

የቁፋሮው ሁለትና ሦስት ቀን ግቢው የጦር ሜዳ ይመስላል። አቧራው እንጀራ መጋገሪያው ድረስ ይገባል። ልብስ አይሰጣም። ውሻው ሲታሰር ይውላል። ልጆችን ከጉድጓዱ አርቁ፣ ማታም ዳሩን በአጣና ከልሉት። ውሃ በፈረቃ ከሆነ ሮቶውን ወይም በርሜሎቹን ከዋዜማው ሙሉ፤ ገረጋንቲ ያለ ውሃ አይጠቀጠቅም።

ጥቅጠቃው

ይህን ቀን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ።

ገረጋንቲው በአንዴ ተደፍቶ ከላይ ብቻ ከተመታ ላዩ ይጠነክራል፣ ስሩ ልል ይሆናል። ስለዚህ በዙር ነው የሚገባው፤ በእጅ ለሚጠቀጠቅ በአንድ ዙር ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። በየዙሩ ውሃ ይርከፈከፍበታል። እርጥበቱ የበቃ መሆኑን ለማወቅ እፍኝ ጨብጡ። ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘና በጣታችሁ መሃል ውሃ ካልወረደ ልክ ነው። ከተበተነ ይጨመር፣ ከተንጠባጠበ ፀሐይ ይምታው።

የሞተር መጠቅጠቂያ ከተገኘ ለአንድ ቀን ተከራዩ። ካልተገኘ ሠራተኞቹ የዘይት ጣሳ ውስጥ ኮንክሪት ሞልተው፣ መሃሉ ላይ አጣና ተክለው የሚሠሩት አለ። ይከብዳል፣ ይሠራል። እየተፈራረቁ ይምቱት። ድምፁን ስሙ። መጀመሪያ ላይ «ዱፍ» እያለ ይውጠዋል። በደንብ ሲጠቀጠቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ መምቻውም ነጥሮ ይመለሳል። የኛ ግንበኛ ሲጨርስ የፌሮ ቁራጭ አንስቶ «ጋሼ፣ ይውጉት» ብሎ ሰጠኝ። በሁለት እጄ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጫንኩት፤ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። አንድ ጥግ ላይ ግን ሰተት ብሎ ገባ። እዚያ ቦታ ላይ ያለው እንደገና ተነስቶ ተመታ። በመጀመሪያው ሥራ ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም።

ዳሱ የት ይተከላል?

ጥቅጠቃው አልቆ አሸዋ ሊበተን ሲል እናቴ ወጥታ ቆማ አየችና «ልጄ፣ ማኅበር ሲመጣ ዳሱን የት ልትተክሉት ነው?» አለች። ማናችንም አላሰብነውም ነበር። በእኛ አገር ጓሮ ለቡና ብቻ አይደለም። ተዝካር አለ፣ ሰርግ አለ፣ ማኅበር አለ። በየድግሱ ድንጋይ እየተነቀለ እንጨት ሊተከል ነው።

ስለዚህ በአራቱ ጥግና በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች መሃል ላይ በጠቅላላው ስድስት ቦታ ጉድጓድ ቆፈርን። የዳስ እንጨት የሚያስገባ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አቁመን በኮንክሪት አሰርነው። ከስሩ ውሃ እንዳይቋጥር ጠጠር አደረግንበት። አፉ ከድንጋዩ ጋር እኩል ነው፤ ክዳንም አለው። ድግስ ሲኖር ክዳኑ ይነሳል፣ እንጨቱ ይገባል። ዋጋው ከጠቅላላው ወጪ አይቆጠርም። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ማሠራት ማለት እንደገና መቆፈር ነው።

ማንጠፉ

መጀመሪያ ዳር ድንጋዩ ይቆማል፤ በኮንክሪት ይታሰር። ዳር ከሌለው ኮብል በየጊዜው ወደ ውጭ እየሸሸ መሃሉ ይከፈታል። አሸዋው 5 ሴንቲ ሜትር ተበትኖ በቀጥ ጣውላ ይሳባል። ከተሳበ በኋላ ማንም አይርገጠው። ድንጋዩ በመዶሻ እየተመታ ሲቀመጥ ከሚፈለገው ከፍታ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በኋላ ሲጠቀጠቅ ይወርዳል። መገጣጠሚያው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ አይለፍ። አሸዋ በመጥረጊያ ይገባበታል፣ ይመታል፣ ውሃ ይረጫል፣ የጎደለው እንደገና ይሞላል። አምስት ሰው ከያዛችሁ 24 ካሬ ለማንጠፍ ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል።

ኮንክሪት የመረጣችሁ ከሆነ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 1 ለ2 ለ3 ሲቦካ ለ24 ካሬ ወደ 9 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማለትም 18 ከረጢት ይፈጃል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ሣጥን አሸዋ፣ 3 ሣጥን ጠጠር፤ ሣጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። በአካፋ የሚቆጥር ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፣ አካፋ አይለካም። ውሃ ማብዛትም እንዲሁ ነው። ሲቀጥን ለመዘርጋት ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን ደካማ ይሆናል። በአንዴ ሙሉውን አትሙሉት። 2 በ2 ሜትር ከፋፍላችሁ እየዘለላችሁ ሙሉት፤ መሰንጠቁ ካልቀረ በመስመሩ ላይ ይሰነጠቅ።

ከዚያ ውሃ ማጠጣቱ አለ። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። የበጋችን ፀሐይና ነፋስ ኮንክሪቱን ሳይበስል ያደርቁታል። ጆንያ አልብሱትና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አርጥቡት። ሲሚንቶው ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ እስከ 14 ቀን። ፒፒሲ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከባድ ነገር ለመጫን 28 ቀን ጠብቁ።

ዝናቡ ሲመጣ

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲያባራ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውሃ የቋጠረበትን ቦታ ፈልጉና በከሰል አክብቡት። ከሰሉ ቢታጠብ ቦታው እንዳይጠፋባችሁ ፎቶም አንሱት። ቦይውን እዩ፤ ቅጠል ዘግቶት ከሆነ ውሃው ወዴት እንደዞረ ተከተሉ። የማድቤቱን ግድግዳ ከስር በእጃችሁ ዳስሱ። መገጣጠሚያው ላይ ያለው አሸዋ ትንሽ ይታጠባል፤ ያ የተለመደ ነው፣ ይሞላል። ጭቃ ከስር እየፈለቀ ከወጣ ግን ያ ቦታ አልተጠቀጠቀም ማለት ነው።

በእኛ ግቢ ሁለት ቦታ ተገኘ። አንዱ የሳፋ ስፋት ያህል፣ ሌላው ከዚያም ያንሳል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ግንበኛው በቃሉ መጣ። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ድንጋዮች አነሳ፣ አሸዋ ጨመረ፣ መለሳቸው። ከረፋዱ በፊት ጨረሰ። እናቴ ቡና አፍልታ ነበር፤ እዚያው ንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን ጠጣን፣ ቀሪውንም ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁት።